ጤፍ የሚዘራው ቴሌቪዥን

«የምትደግፉ እጅ አውጡ!»

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ወልደአረጋይ ይህን ሲሉ የራሳቸውን እጅ ቀድመው አወጡ። የአዳራሹ እጅ ሁሉ ተከተለ። የደብረ ብርሃን ብርድ ጠዋት ሦስት ሰዓትም ላይ አጥንት ይሰብራልና፣ አብዛኛው እጅ ከጋቢው ብቅ ያለው እስከ አንጓው ብቻ ነው። ለማጽደቅ ግን ያ ይበቃል።

አፊፋ ከሊቀመንበሩ ጎን ተቀምጣ ቃለ ጉባኤ ትይዛለች። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ለዚህ ሥራ የመረጧትም የእጅ ጽሕፈቷ ስለሚያምር ነው። ሥራው ቀላል ነው። «የምትደግፉ» ይባላል፣ ሁሉም እጁን ያወጣል። «የምትቃወሙ» ይባላል፣ ዝም ይባላል። ከዚያ እሷ «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ብላ ትጽፋለች። እንዲያውም አንዳንድ ቀን ሰዉ ሳይሰበሰብ ቀድማ ጽፋው ትቀመጣለች።

ዛሬ ግን ብዕሯ አልሄድላት አለ።

እንዲጸድቅ የቀረበው ለአውራጃው የሚላክ ሪፖርት ነው። «ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ለቀበሌያችን የተሰጠው ባለ ቀለም ቴሌቪዥን፣ ምስሉ ጥርት ብሎ፣ ቀለሙ ደምቆ፣ ለሰፊው ሕዝብ በመታየት ላይ ይገኛል» ይላል።

ጥርት ብሎ! ቴሌቪዥኑ ከመጣ ጀምሮ የሚያሳየው ነጠብጣብ ብቻ ነው። የሰፈሩ ልጆች ማታ ማታ አግዳሚው ላይ ተደርድረው «ዛሬስ ማኛ ነው ወይስ ሰርገኛ?» እያሉ ይሳለቁበታል፤ ምስሉ ጤፍ የዘሩበት ይመስላላ። ቀለም የተባለውም አልፎ አልፎ ብልጭ የሚል አረንጓዴ ነገር ነው።

ባለፈው ረቡዕ፣ መስከረም ሁለት ቀን ግን አፊፋ መሳቅ አቃታት።

ወንድሟ ዓወል ለብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ስምንት ወሩ ነው። በነዚህ ስምንት ወራት የላከው አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው፤ «ለአብዮት በዓል አዲስ አበባ እንሰለፋለን፤ በቴሌቪዥን ፈልጉኝ። ከዚያ ወዴት እንደምንላክ አልተነገረንም» ይላል። እናቷ ኩብራ ያን ቀን የገበያ ቦታዋን ትታ፣ ከሁሉ ቀድማ ፊተኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ሰልፈኛው መጣ፤ ጤፉ ወደ ግራ ሄደ፣ ጤፉ ወደ ቀኝ ዞረ። ድንገት ኩብራ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ፣ «ያውና! ያውና ዓወል! ከዳር ሦስተኛው!» አለች።

አፊፋ ዓይኗን ጨፍና ገለጠች። ከዳር ሦስተኛ ቀርቶ ዳሩ ራሱ የቱ ጋ እንደሆነ አይታይም። ቢሆንም የእናቷን ፊት አየችና፣ «አዎ እማዬ፣ እሱ ነው» አለች። ሊቀመንበሩ አጨበጨቡ፤ አዳራሹም አጨበጨበ። አፊፋ ያን ቀን እራት አልበላም አለች።

በማግስቱ ራዲዮ ጠጋኙ ጋሽ ዘርአ ዳዊት ዘንድ ሄዳ ነገሩን ጠየቀችው።

«ቴሌቪዥኑማ ምን አለበት» አላት። «አንቴናውን ዶሮ የምትሰፍርበት ቁመት ላይ ሰቅለውት ምን ይምጣ? ሞገዱ ከላያችን እያለፈ ነው። አምስት ሜትር ከፍ ቢል የሰልፈኛውን ጢም ትቆጥሪያለሽ።»

«ታዲያ ለምን ከፍ አይልም?»

«ሊቀመንበሩን ጠይቂያቸው። ከባንዲራው መስቀያ መብለጥ የለበትም ብለዋል።»

የሰልፉ ፊልም የፊታችን ቅዳሜ እንደሚደገም በራዲዮ ተነግሯል። ከቅዳሜ በኋላ ዓወልን የት እንደሚያዩት የሚያውቅ የለም። ሪፖርቱ ዛሬ ከጸደቀ ደግሞ ጥርት ብሎ ለሚታይ ቴሌቪዥን አንቴና የሚያነሳ አይኖርም።

«የምትቃወሙ?» አሉ ሊቀመንበሩ፣ ዓይናቸው ወደሚቀጥለው አጀንዳ እየሄደ።

አፊፋ እጇን አወጣች።

«ምን ፈለግሽ፣ አፊፋ? ቀለም አለቀብሽ?»

«እቃወማለሁ።»

የኋላው አግዳሚ ላይ ያንቀላፉት ሁሉ ነቁ። ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «ምኑን ነው የምትቃወሚው?»

«አይታይማ፣ ጓድ ሊቀመንበር! አንድም የሚለይ ፊት የለም። አንቴናው ከፍ ይበልና ቅዳሜ እንይ።»

«ከሰንደቅ ዓላማው በላይ ቆርቆሮ አይሰቀልም! ተብሏል፣ አልቋል። ደግሞስ አይታይም ትያለሽ? እናትሽ ልጃቸውን አይተው የለም እንዴ?» ወደ ፊተኛው አግዳሚ ዞሩ። «እትዬ ኩብራ፣ እስቲ ይመስክሩ። ዓወልን አይተውታል፣ አላዩትም?»

አፊፋ ይህን አላሰበችም ነበር። እናቷ ከረቡዕ ወዲህ ለጎረቤት ሁሉ «ልጄን አየሁት፤ ወፍሯል» እያለች ስታወራ ሰንብታለች። ያቺን አንዲት ደስታ በገዛ እጇ፣ በሰው ፊት ልትቀማት ነው። እጄን ላውርደው ይሆን አለች። እጇ ግን አልወርድም አለ።

ኩብራ ቀስ ብላ ተነሳች።

«አላየሁትም» አለች። «ልጄ ደስ እንዲላት ብዬ ነው ያውና ያልኩት። እሷም እኔን ደስ እንዲለኝ ብላ አዎ አለችኝ። ወላሂ፣ ያየሁት ጤፍ ነው።»

አንድ ሰው ሊስቅ ጀምሮ ሳቁን ዋጠው። ኩብራ እጇን ከነጠላዋ አውጥታ ወደ ላይ ዘረጋች፤ እስከ አንጓዋ ብቻ ሳይሆን እስከ ትከሻዋ ድረስ። ጋሽ ዘርአ ዳዊት ጥግ ላይ ጫማውን እያየ ነበር።

«ጻፊ!» አሉ ሊቀመንበሩ፣ አንገታቸው ቀልቶ። «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ ብለሽ ጻፊ!»

አፊፋ በዚያ በሚያምረው ጽሕፈቷ ጻፈች፤ «ተቃውሞ ሁለት። አፊፋ አብዱልጀሊል። ኩብራ ፈረጅ።» ደብተሩን አዙራ ሰጠቻቸው።

«ይህን ቅደጂና ሌላ ጻፊ።»

«እርስዎ ይጻፉት። በእኔ እጅ ግን አይጻፍም።»

«ወንድምሽ ለእናት አገሩ ዘምቶ፣ አንቺ እዚህ ታሳጪዋለሽ?»

«እሱን ለማየት ነው እኮ፣ ጓድ ሊቀመንበር» አለች አፊፋ። ብዕሯንም ከደነች።

ሊቀመንበሩ ደብተሩን ብብታቸው ሥር ወሽቀው «ይህ ነገር እዚህ አያበቃም!» እያሉ ወጡ።

የነአፊፋ ቤት ከአዳራሹ ጀርባ ነው፤ የሚለያቸው አንድ አጥር ብቻ ነው። እናትና ልጅ ገብተው ጓሯቸው ውስጥ ተቀመጡ። ከዚያ ኩብራ ቀና ብላ ዓወል ቅጠሉን እየመለመለ ያሳደገውን ባሕር ዛፍ ተመለከተች።

«ይህ ዛፍ ከባንዲራው አይረዝምም?»

አፊፋም ቀና አለች። «በጣም ይረዝማል።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ማን ዝቅ በል አለው?»

ተያዩ። ኩብራ ከረቡዕ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ሳቀች።

አፊፋ ጋሽ ዘርአ ዳዊትን ልትጠራ ስትነሳ እሱ ራሱ በአጥሩ በር ገባ። በጋቢው የጠቀለለው ነገር ይንቋቋል። ገለጥ ሲያደርገው በአልሙኒየም ቱቦ የሠራው አንቴና ነው።

«ከእናንተ ጋር እጄን ሳላወጣ ቀረሁ» አለ፣ ዓይናቸውን ሳያይ። «ስድስት ልጅ አለኝ፣ እትዬ ኩብራ። ይህን ግን እጄ ሠርቶታል። ዛፉን እኔም ሳየው ነው የከረምኩት። ሽቦውን በአዳራሹ የኋላ መስኮት ማስገባት የእኔ ፈንታ ነው፤ ጠጋኙ እኔ ነኝ። ጫፉ ላይ ከሆነ ንፋስ ያወዛውዘዋል፤ ግንዱ መንታ የሚሆንበት ጋ ይታሰር።» ከዚያ ጉልበቱን ዳበስ አደረገ። «ችግሩ፣ ማን ይወጣል?»

ድሮ የሚወጣው ዓወል ነበር። ግንዱን ታቅፎ የሚወጣበት ገመድ፣ እሱ ከሄደ ጀምሮ ማንም ሳይነካው ቤት ውስጥ ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ነው። አፊፋ ገብታ አወረደችው። አቧራውን አራገፈችና ጫማዋን አወለቀች።

ኩብራ «ሴት ልጅ ነሽ፣ ተይ» አላለችም። ገመዱን በግንዱ አዙራ ወገቧ ላይ ራሷ አሰረችላት፤ ቋጠሮውንም ሁለት ጊዜ ስባ አየችው።

አፊፋ አንቴናውን ጀርባዋ ላይ አዝላ መውጣት ጀመረች። ግንዱ ያዳልጣል፤ ብርዱ ጣቶቿን ያደነዝዛል። ከአጥሩ ማዶ የሊቀመንበሩ ድምፅ «ማነው እዚያ ላይ?» ሲል ሰማች። አረፍ ብላ ወደ ጎን ስትመለከት፣ ባንዲራው ከወገቧ ትይዩ ይውለበለባል።

አየችውና ገመዱን አንድ እርምጃ ወደ ላይ ወረወረች።