ሌንሳ የዘለለችው

«መርፌው ደረታቸው ውስጥ ሲገባ ያማቸዋል?» ሌንሳ ይህን የጠየቀችው ከአያቷ ይልቅ ለራሷ ፈርታ ነበር።

ዶክተር ዋፊቃ ፈገግ አሉ። «ቦታውን እናደነዝዘዋለን። ጫን የሚል ነገር ብቻ ነው የሚሰማቸው።» ከዚያ የሲቲ ስካኑን ምስል ወደ እነሱ አዞሩት። በአያቷ በአባባ ኢተፋ ቀኝ ሳንባ ውስጥ ለውዝ የምታህል ነጭ ነገር ትታያለች። ምን እንደሆነች ካልታወቀ የሦስት ወሩ ሳላቸው መድኃኒት አይታወቅም። ዶክተሯ መርፌውን ደረጃ በደረጃ በምስል እያዩ፣ ደም ሥሮቹን ሳይነኩ እዚያች ላይ አድርሰው ለምርመራ ትንሽ ቁራጭ ይወስዳሉ። «ከመቶ ሰው በዘጠናው መልስ እናገኛለን» አሉ። ሌንሳ በጣም ገረማት። እሷ ክር በመርፌ ቀዳዳ ለማስገባት እንኳ ሦስቴ ትሞክራለች።

«ይህንንም ንገሪያቸው» ቀጠሉ ዶክተሯ። «ከመቶው ሃያ የሚሆኑት ላይ ከሳንባ ትንሽ አየር ያፈተልካል። አብዛኛው በራሱ ይድናል። ለጥቂቶች ግን ደረታቸው ውስጥ ቱቦ እናስገባለን፤ ሆስፒታል ይተኛሉ።»

ዶክተሯ ከወሎ ከመጡ ገና ሁለት ወራቸው ነው፤ ኦሮምኛ አይሰሙም። ሌንሳ ለአያቷ ተረጎመችላቸው፣ አየሩንና ቱቦውን ግን ዘለለች። ዲዳ የተባለው አጎቷ ኮሪደር ላይ አስጠንቅቋታል። «ጥሩ ጥሩውን ብቻ ንገሪው። ሽማግሌው ሰበብ ነው የሚፈልገው። ቱቦ ከሰማ ዛሬውኑ ዓለም ጤና፣ ሽንኩርት እርሻው ላይ ነው የምናገኘው» ብሏታል።

«ብረት የነካው በሽታ ይብሳል ሲሉ ነው የሰማሁት» አሉ አባባ ኢተፋ። «አንቺ ካልሽ ግን ይሁን።» የፈቃዱ ወረቀት ላይ ለመፈረም አውራ ጣታቸውን ቀለም ነከሩ።

ሌንሳን ሼም ያዛት። ዶክተሯ ምንም አልደበቁም፤ የደበቀችው እሷ ናት።

«አካኮ፣ ይቆዩ» አለች አያቷን። « የዘለልኩት አለ።» አየሩንም፣ ቱቦውንም፣ ሃያውን ሰውም ነገረቻቸው።

አያቷ ጣታቸውን ከወረቀቱ መለሱ። «ይህን ማን አለ?»

«ዶክተሯ። እኔ ነኝ ያስቀረሁት። እንዳይሄዱብን ብዬ።»

አባባ ኢተፋ ዶክተሯን ለረጅም ጊዜ አዩአቸው። «የሥራዋን ክፉ ጎን ራሷ ተናገረች» አሉ በአድናቆት። «እንዲህ ያለ ሰው እጁ አያስፈራኝም።» ፈረሙ። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞሩ። «ውስጥ ትንፋሽ ያዝ፣ ልቀቅ የሚባል ነገር አለ አሉ። አጎትሽ ዲዳ እንዳይገባ። አንቺ ገብተሽ ንገሪኝ፤ ከእንግዲህ አትዘልይም።»

ሌንሳ ወደ ዶክተር ዋፊቃ ዞረች። በአማርኛም ጠየቀቻቸው።

«ትንፋሻቸውን ስንት ሰከንድ ነው የሚይዙት?»