የእንቅልፍ ዕንቁና የተቆለፈው ክንድ

የእንቅልፍ ዕንቁ ከዘንፋር ቤተ መንግሥት በተሰረቀ ማግስት ሕዝቡ ቀለደ። «እንግዲህ ሌባ አያሰጋንም፤ ሁላችንም ነቅተናል» ተባባሉ። ወሩ ሳይሞላ ቀልዱ ቆመ። አንጥረኛው መዶሻውን በገዛ እጁ ላይ አሳረፈ፤ እናቶች የልጆቻቸው ስም ጠፋባቸው፤ በሬዎች እንኳ ቀንበር ሥር ቆመው ዐይናቸውን እንዳፈጠጡ እንባ ያነቡ ጀመር። ምድሪቱ ስትተኛ የኖረችው ዕንቁው በዙፋኑ ሥር ስላለ ነበር። አሁን ግን ጋሙር የሚባል የጭስ ፍጡር ወስዶት በዳሞራ ተራራ አናት ላይ ታቅፎት ተቀምጧል።

የዘንፋር ስመ ጥር ተጋዳዮች ሊያስመልሱት ወጡ፤ የተመለሱት ስንቅ ተሸካሚዎቻቸው ብቻ ናቸው። ጀግኖቹን የገደላቸው የጉልበት ማነስ ሳይሆን የተማሩት ሕግ ነው። በዘንፋር የትግል ሜዳ ጀርባው የተያዘ ተጋዳይ እንደተሸነፈ ይቆጠራል፤ ተንበርክኮ መሬቱን በመዳፉ ይመታል፣ ባላጋራውም ወዲያው ይለቀዋል። ጋሙር ከኋላ ሲጠመጠምባቸው እነዚያ ምስኪኖች ሁሉ ተንበርክከው መሬቱን መቱ። ጋሙር ደግሞ የማንንም ሕግ አያውቅም፤ አንቆ ጨረሳቸው።

ንጉሥ ሳልዶር የቀሩትን ተጋዳዮች ሰብስቦ «የአባቶቻችን ክብር...» ብሎ ጀመረና ቀጥሎ ሊል የነበረውን ረሳው። ከተሰበሰቡት መሐል ናርዳ የምትባል ወጣት ተጋዳይ ወጣች። ታናሽ ወንድሟ ዮናዳ በእንቅልፍ እጦት ሰውነቱ አልቆ፣ ዐይኑ ሳይከደን ሞቱን ይጠባበቅ ነበር።

«ንጉሥ ሆይ፣ ዕንቁውን ሳልይዝ ብመለስ ምድር አትቀበለኝ!» ብላ ማለች። ድምፅዋ ግን እንደ መሐላው አልበረታም፤ እሷም እንደ ሰው ሁሉ ደክሟት ነበር።

አብሯት የሄደው አባ ቀስቶ ብቻ ነው። ይህ ሽማግሌ በወጣትነቱ ጀርባው ተይዞ ሳለ መሬት አልመታ ብሎ፣ የባላጋራውን ክንድ ጠምዝዞ ትከሻውን አውልቆበታል። ዳኞቹም «ነውረኛ» ብለው ከሜዳ አባረሩት፤ ከዚያ ወዲህ ሰላም የሚለው እንኳ አልነበረም።

መንገዱ ክፉ ነበር። ስንቃቸውን የጫኑባትን በቅሎ ከተራራው ግርጌ ትተው ናርዳ ሽማግሌውን ደግፋ ወጣች። ሁለቱም እየተራመዱ ይቃዡ ነበር፤ አንዴ እንዲያውም አባ ቀስቶ ለአንድ ቋጥኝ በትሕትና ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። ባረፉ ቁጥር ግን ከኋላዋ ተጠምጥሞ ያስጠናታል።

«አገጭሽን ወደ ደረትሽ! ክንዱ አንገትሽ ሥር እንዳይገባ። አሁን የእጁን አንጓ ያዢ። ሌላውን እጅሽን በክንዱ ላይ አሳልፈሽ የራስሽን አንጓ ጨብጪ። አየሽ፣ ተቆለፈ።»

«ከዚያ ልስበረው?»

«እንዳትሰብሪው! እኔ ከሜዳ ከተባረርኩ በኋላ አንድ ጊዜ ገጥሜው ክንዱን ሰበርኩትና ጭስ ሆኖ አመለጠኝ። ጋሙር ሥጋ የሚለብሰው የሰው ጀርባ ሲይዝ ነው፤ ክንዱ ካልተለቀቀ ሥጋ እንደሆነ ይቀራል። ዕንቁው ዙፋኑ ሥር ሲመለስ ሥጋ እንደለበሰ እንቅልፍ ካገኘው ደግሞ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል፤ አይነቃም። እኔ ወገቤ አልታጠፍ አለ እንጂ ራሴ አደርገው ነበር።»

አናቱ ላይ ሲደርሱ ጋሙር ዕንቁውን ከቦ ሲጤስ አገኙት። ናርዳ በሕይወቷ አድርጋው የማታውቀውን አደረገች፤ ዞረችና ጀርባዋን ሰጠችው።

ክብደቱ ወዲያው መጣባት። እግሮቹ ወገቧን አቀፉ፤ ቀዝቃዛ ክንድ በትከሻዋ ላይ አልፎ አንገቷን ፈለገ። ዐይኗ ጨለመ፤ ተንበረከከች፤ መዳፏም በልማዷ መሬቱን ሊመታ ተዘረጋ።

«እጅሽን!» ሲል አባ ቀስቶ ጮኸ።

የተዘረጋው እጅ ተመለሰ። አንጓውን ያዘች፤ ሌላውን እጇን አሳልፋ ቆለፈች፤ ክርኑን ከደረቷ አጣብቃ በጎኗ ወደቀች። ወገቧን ከእግሮቹ መሐል አሾልካ ስትዞር ክንዱ አብሯት ዞረ፣ ወደ ኋላው ተጠመዘዘ፣ ትከሻው እስከ መጨረሻው ጠበቀ። ጋሙር አገሳ። ትንሽ ብትጨምር ይሰበራል፤ የሞቱትን አስባ ልትጨምር በጣም አማራት። አልጨመረችም።

አባ ቀስቶ በጋሙር ላይ ተጋድሞ እጆቹን በእጆቿ ላይ ደረበ። «አቀብይኝ» አላት። «ዕንቁውን ይዘሽ ሩጪ። እኔ መሮጥ አልችልም፤ መዳፎቼ ግን አላረጁም።»

«አባባ፣ እንቅልፉ ሲመጣ እርስዎም ይተኛሉ እኮ! እጅዎ ይለቀቃል።»

«እሱ ትንፋሹ እስኪቆም አልተኛም። ስንት ዘመን ብቻዬን ነቅቼ አድሬያለሁ፤ ይህቺን ልጨምርባት። ሂጂ፣ ልጄ፤ ወንድምሽ ይጠብቅሻል።»

ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቀች። ዕንቁውን አንሥታ እያለቀሰች ሮጠች።

ዕንቁውን ዙፋኑ ሥር ስታኖር ንጉሡ ዘውዱን እንደደፋ አንኮራፋ፤ ዘበኞቹ በጦራቸው ላይ ተደገፉ። ናርዳ እየተንገዳገደች ቤቷ ደረሰች። የዮናዳ ዐይኖች ተከድነው ነበር፤ ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ወደ ተራራው ልትመለስ አስባ አጠገቡ ወደቀች።

ስትነቃ አገር ሁሉ ገና ተኝቷል። ብቻዋን ወጣች።

ጋሙር ጥቁር ድንጋይ ሆኗል፤ ክንዱ እንደተጠመዘዘ ነው። አባ ቀስቶ ከአጠገቡ ተቀምጦ ቁልፉን እንደያዘ ነበር። ዐይኖቹ አልተከደኑም፤ ገላው ግን ቀዝቅዟል። ጣቶቹን ልታላቅቅ ሞከረች፣ አልላቀቅ አሏት።

«አባባ፣ ይተኙ እንግዲህ» አለችና ዐይኖቹን ከደነችለት።

ከዚያም ከኋላው ተቀምጣ ጀርባዋን በጀርባው ላይ አሳረፈች፤ እስኪመሽም አልተነሣችም።