የኔታ የሚጠብቁበት ፋይል

እኔ እንዲህ ባለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ በጋዜጠኝነት ዘመኔ ያለቅሳል የተባለ ግድግዳም፣ ይንቀሳቀሳል የተባለ መብራትም ሄጄ አይቻለሁ፣ ሁሉም ጋ ወይ የሚያፈስ ቧንቧ ወይ የተላጠ ሽቦ አግኝቼ ተመልሻለሁ። ስለዚህ ይህንንም በደብተሬ እንደያዝኩት ብቻ ልንገርህ።

ደብረ ማርቆስ የሄድኩት ይበልጣል ስለሚባል ወጣት ልጽፍ ነበር፣ ሮብ ገበያ አካባቢ የጀመረውን የዜማ ትምህርት አቋርጦ ኮምፒውተር የተማረ፣ በተከራየው ክፍል ብቻውን ስለ ቆሎ ተማሪ የኮምፒውተር ጨዋታ የሚሠራ። ማጀቢያው የሞቱት መምህሩ፣ የኔታ፣ ታመው ሳሉ በስልኩ የቀዳው ድምፃቸው ነው። ይበልጣል ሁሉንም አንድ ፋይል ውስጥ አሽጎ፣ ቦታ ለመቆጠብ ብሎ ዋናዎቹን አጠፋቸው። ማሸጊያ ፕሮግራሙን ራሱ ስለጻፈው ከጨዋታው በቀር የሚከፍተው የለም፣ ጨዋታው ደግሞ እየቆራረጠ በቅጡ አላጫውት አለ። የኔታ ሌላ ቅጂ የላቸውም።

ቅዳሜ ከሰዓት ነበር፣ ዝናቡ አባርቶ ጭጋጉ መስኮቱ ድረስ ወርዷል። መቅጃዬን ከፍቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«ቁራጭ በቁራጭ እያነበበ ነው የሚያጫውተው፣» አለኝ። «አንዱን ሲጨርስ ዝም ይላል።»

እውነትም የኔታ አንድ ሐረግ ያዜማሉ፣ ዝም፣ ሌላ ሐረግ፣ ዝም። ሰዓቴን አውጥቼ ዝምታውን መለካት ጀመርኩ።

«ጋሼ፣ ጋዜጠኛ ነዎት ወይስ የሩጫ ዳኛ?» አለ እየሳቀ።

«የኮምፒውተር ስህተት ብቻ ከሆነ፣ ዝምታው ታዲያ ለምን እኩል አልሆነም?»

ሳቁን አቆመ። ዝምታው ከረጅም ሐረግ በኋላ ይረዝማል፣ ካጭሩ በኋላ ያጥራል። ዜማ ቤት መምህሩ ይመራል፣ ተማሪው ያንኑ እየደገመ ይቀበላል፣ ዝምታው ልክ የተቀባዩን ተራ ያህል ነበር።

ይበልጣል ጉሮሮውን ጠርጎ፣ እያፈረ ተቀበለ። ትምህርቱን ካቋረጠ ከስድስት ዓመት በኋላ መጀመሪያው ነበር። እንደጨረሰ ድምፁ ቀጠለ። ሁለተኛው ላይ ተሳሳተ፣ እመነኝ፣ እኔ መሳሳቱን እንኳ አላወቅኩም፣ ግን ከድምፅ ማጉያው መቋሚያ መሬት ሲመታ ተሰማ፣ ሁለቴ፣ የኔታም ከመጀመሪያው ጀመሩ።

«ስቀዳቸው ተኝተው ነበር፣» አለ ቀስ ብሎ። «መቋሚያም አልያዙም።»

እኔ ያልኩት ምን መሰለህ፣ «ኮዱን እየው» ነው። አየው። ቁራጭ ባነበበ ቁጥር ፋይሉን የሚዘጋ አንድ መስመር አገኘ፣ ሰረዘው፣ ድምፁ ሳይቆም እስከ መጨረሻው ፈሰሰ። ወዲያው ሌላ ቅጂ አወጣለት።

«ይኸው፣ የአንድ መስመር ስህተት ነበር፣» አልኩ እፎይ ብዬ።

እሱ ግን ደስ አላለውም። ትንሽ ቆይቶ የሰረዘውን መስመር መልሶ ጻፈው።

«ምን ነካህ?»

«አሁን እኮ አይጠብቁኝም፣ ጋሼ።»

መቅጃዬን ዘግቼ ተነሳሁ። ደህና ሁን ብዬው ስወጣ ከበሩ ኋላ ሲቀበል ይሰማኝ ነበር።

አዲስ አበባ ተመልሼ፣ እኔም ብቻዬን ነው የምኖረው፣ ጽሑፉን ለማዘጋጀት መቅጃዬን ከፈትኩ። ሁሉም እንዳልኩህ አለ። «የአንድ መስመር ስህተት ነበር» የምልበት ጋ ስደርስ ግን፣ ክፍሉ ውስጥ ሳለን ሁለታችንም ያልሰማነው ነገር አለ፣ መቋሚያ መሬት ይመታል፣ ሁለቴ። ከዚያ ዝምታ ነው። እንደ ልማዴ ለካሁት፣ ያንን ዓረፍተ ነገር አርሜ ለመድገም የሚበቃኝን ያህል ነው።

እስካሁን አልደገምኩትም።