ወደ ምዕራብ የሚያይ መስኮት

በዚያ ዓመት የበልግ ዝናብ ቀረ። መጋቢት ደርቆ ገባ፤ ሚያዝያ ባሰበት። ቦሌ አራብሳ ላይ ቧንቧው ከፉጨት በቀር የሚሰጠው አጣ። መብራት ስለሚጠፋ ማራገቢያ ያለውም የሌለውም እኩል ሆነ። ሰው ቀን ቀን የሕንፃውን ጥላ እየተከተለ ይዞር ነበር።

ኦቦ ጉቱ የሞቱት በዚያ ሙቀት ነው።

ኢንስፔክተር ሞሲሳ አመሻሽ ላይ ሲደርስ ሽማግሌው መኝታ ክፍላቸው ውስጥ በጀርባቸው ተንጋለዋል። አንሶላው እስከ አገጫቸው ተስቧል። መጋረጃው ተገልጧል፤ መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ፀሐይ ፊታቸው ላይ አርፋለች። ከጆሯቸው ጀርባ እብጠት አለ። ወንበሩ ላይ የታጠፈ ጋቢ ነበር። ሞሲሳ ዳሰሰው፤ ጫፉ አልደረቀም።

ሐኪሙ «ሙቀት ነው» አለ። «ራሳቸውን ስተው ወድቀው ይሆናል።»

«ወድቀው ሲያበቁ ተነስተው አንሶላ ለበሱ?»



ደረጃው ላይ የእድር ሴቶች ያንሾካሽካሉ። «ምራታቸው ናት። ሽማግሌውን ለፀሐይ ጥላ ሄደች።» ምራታቸው ሜቲ ጥግ ይዛ ብቻዋን ቆማለች፤ አጠገቧ የሚጠጋ ጠፋ። ይህን ሲያይ ሞሲሳን አንድ የቆየ ነገር ቆነጠጠው። ይህ ሰፈር ማሳ ሳለ ኦቦ ጉቱ የአባቱ ጎረቤት ነበሩ። የእሳቸው ዕዳም አለበት፤ የገንዘብ ግን አይደለም።

«መስኮቱን ማን ከፈተው?» ሲል ሜቲን ጠየቃት።

«አላውቅም ጋሼ። ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ክፍት ነበር፤ ጠዋት ነፋስ ይገባል። እኩለ ቀን ላይ ራሳቸው ዘግተው ጋቢውን አርጥበው ይሰቅሉበታል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ብነካው ‹እሳት ቤቴ አታስገቢ› ብለው ይቆጡኛል።»

«የተቀየማቸው ሰው አለ?»

«‹የሕንፃውን ውኃ የሚሰርቀውን ደርሼበታለሁ፤ እሁድ የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ እናገራለሁ› ሲሉ ነበር። ስሙን አልነገሩኝም።»

ጥበቃው ያን ቀን የውጭ ሰው አላስገባም። ሜቲ መቼ እንደተመለሰች ልብ ያለ የለም። ከእሷ ሌላ በዚያ ደረጃ የነበሩት ሁለት ጎረቤቶች ናቸው። ሞሲሳ መጀመሪያ ከላይ ወደምትኖረው ዲና ወጣ።

«እኔ ከቆርቆሮው ሥር ነኝ» አለች። «እዚህ ሊጥ ቢቀመጥ ዳቦ ይሆናል።»

«ከኦቦ ጉቱ ጋር ትጣሉ ነበር ይባላል።»

«በየሳምንቱ። መስኮቴ ላይ የምሰቅለው እርጥብ አንሶላ ይንጠባጠብባቸዋል። ጮኹ፣ ጮኹና በኋላ ‹ጨምሪ፣ ለኔም ይበርድልኛል› አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ምን ያጣላናል?»

ከኦቦ ጉቱ ፊት ለፊት፣ በሕንፃው በምሥራቅ በኩል የሚኖረው የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ ተካልኝ ነው። መኝታ ቤቱ ድረስ ነፋስ ይመላለሳል። በረንዳው ላይ ያለው አበባ አፈሩ እርጥብ ነው።

«ቤትዎ ቀዝቃዛ ነው፣ አቶ ተካልኝ።»

«መላ ነው እንጂ ሌላ ምን አለው? ጠዋት እዘጋለሁ፤ ፀሐይዋ ስታልፍ እከፍታለሁ። ሽማግሌው ግን ምስኪን፣ ያቺ ልጅ አልተንከባከበቻቸውም።»

የሞሲሳ አለቃ ስልክ ደወለ። «ሙቀት ነው ተብሎ የለም እንዴ? ዝጋው።»

«አንድ ቀን ስጠኝ» አለ ሞሲሳ። ጥርሱን ነክሶ ነበር። ሁሉም ሊዘጋው ይቸኩላል፤ ያቺ ሴት ግን ስሟ እንደጠፋ ልትቀር ነው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሦስቱን በኦቦ ጉቱ ክፍል ውስጥ ሰበሰባቸው። የእድሩ ሴቶች በሩ ላይ ቆሙ። መስኮቱ ተዘግቷል፤ ወፍራም ብርድ ልብስ ተጋርዶበታል። ሰው ስለበዛ ክፍሉ ታፈነ።

«እባካችሁ አንዳችሁ አብርዱት» አለ ሞሲሳ ላቡን እየጠረገ።

ሜቲ ባልዲ ልታመጣ ተነሳች። ዲና በካርቶን ታራግብ ጀመር። ተካልኝ ግን «ይሄማ ቀላል ነው» ብሎ ብርድ ልብሱን ገለጠና መስኮቱን ከፈተ። ፀሐይ ዓይናቸውን መታቻቸው። ዲና ፊቷን ሸፍና «ሰውዬ፣ ልትጠብሰን ነው?» አለች።

«ትናንትም እንዲሁ ነው የተከፈተው» አለ ሞሲሳ። «ኦቦ ጉቱ እኩለ ቀን ላይ ጋቢውን ሰቅለው ነበር፤ እርጥበቱ ይመሰክራል። ስለዚህ ያወረደው ሰው ከዚያ በኋላ የገባ ነው። አስተኛቸው፣ አንሶላ አለበሳቸው፤ ተኝተው ያረፉ እንዲመስል ቤቱን አሰናዳ። በምዕራብ በኩል የሚኖር ሰው በዚህ ሰዓት መስኮት አይከፍትም፤ ሜቲም ዲናም አይነኩትም። ከሰዓት በኋላ መክፈት የለመደ እጅ ፀሐይ በጠዋት የምትገባበት ቤት ነው ያለው። በዚህ ድርቅ አበባ የሚጠጣበትም ቤት እሱ ነው። አቶ ተካልኝ፣ ውኃው ወዴት እንደሚሄድ ኦቦ ጉቱ ደርሰውበት ነበር።»

ተካልኝ እጁን ከመስኮቱ እጀታ ላይ አላነሳም።

«ስብሰባው ላይ አያዋርዱኝ ብዬ ልለምናቸው ነው የገባሁት» አለ። «እንቢ አሉኝ። ገፋሁ። ግድግዳው...»

ሁለት ፖሊሶች ይዘውት ወረዱ። ከእድሩ ሴቶች አንዷ መጥታ ሜቲ አጠገብ ተቀመጠች። ሌላዋ ተከተለች።

«ጋሼ» አለች ሜቲ እያለቀሰች፤ «ሰው ሁሉ ሲፈርድብኝ እርስዎ ለምን ደከሙልኝ?»

«አባቴ በድንገት ሲሞት መንደሩ እናቴን ‹አንቺ ነሽ የገደልሽው› አላት። ሽማግሌዎች ፊት ተነስተው ‹አይደለችም› ያሉላት አማትሽ ብቻ ነበሩ።»

ከዚያ መስኮቱን ዘጋ። ሜቲ ባመጣችው ባልዲ ውስጥ ነጠላ ነክሮ ጨመቀና ኦቦ ጉቱ ይሰቅሉበት በነበረው ሚስማር ላይ ሰቀለው። ክፍሉ ጨለም አለ፤ ቀስ እያለም በረደ።