እንቁላል የታቀፈችው ሸርጣን እና የሠርጋችን ዓሣ

ሙንዚርን መጀመሪያ ያየሁት ለታ፣ ከጀልባው ላይ ሸርጣን ወደ ባሕር ሲመልስ ነበር። ያውም እንቁላል የታቀፈች! መቅዘፊያዬን ጥዬ ጮኽኩበት።

«አንተ! አብደሃል እንዴ?»

ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ... ተዉኝ እስቲ! ግማሹ ንዴቴ እዚያው በረደ።

«እርጉዝ አይያዝም። አያቴ እንደዚያ ነው ያስተማሩኝ።»

«አያትህ ይህን ሰማያዊ ሸርጣን የት ያውቁታል? ከሌላ ባሕር በመርከብ ታዝሎ የመጣ ነው። መረባችንን በጣጠሰው፣ ዓሣችንን ጨረሰው!»

«እናት ናት እኮ...»

«የጠላት እናት!»

ሁለታችንም ሳቅን። በቄርቄና ደሴት ከእኔ ከናጀት ጋር ተጣልቶ የሳቀ እሱ ብቻ ነው።

በሦስት ወሩ ሽማግሌ ላከ። በእኛ አገር ሙሽሮች መሬት ላይ የተጋደመ ዓሣ ተሻግረው ነው የሚጋቡት። አባቴ ሳዱቅ ደግሞ ባሕሩ ውስጥ ከአያቶቹ የወረሰው፣ ዓሣ እየመራ የሚያስገባ የዘንባባ ዝንጣፊ አጥርና ወጥመድ አለው።

«ልጄ የምትሻገረው ዓሣ ከራሴ ወጥመድ ይወጣል» አለ። «በገበያ ዓሣ አልድራትም!»

ወጥመዳችን ውስጥ ግን ሸርጣን ብቻ! የገባውን ዓሣ ሁሉ አጥንቱን ያስቀርልናል። ሳንጋባ ዓመት ሞላን።

አንድ ጠዋት ሙንዚርን እዚያው የአባቴ ወጥመድ አጠገብ አገኘሁት። እንቁላል የታቀፈች ሸርጣን ሲለቅ!

«ካልፈለግከኝ በአፍህ ንገረኝ!»

«ናጀት ትሙት! እጄ እምቢ አለኝ... የአያቴ ድምፅ ይመጣብኛል።»

«እንግዲያው አያትህን አግባ!»

ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። አዎ፣ እኔ!

በሁለተኛው ሳምንት በራችን ተንኳኳ። ሙንዚር ነው፤ ጣቶቹ በሸርጣን ንክሻ ቆሳስለዋል፣ ቅርጫቱ እንቁላል በታቀፉ ሸርጣኖች ሞልቷል።

«አባባ ሳዱቅ፣ አያቴ መቃብር ሄጄ ነበር። ለባሕራችን ልጆች ቃልዎ ይከበራል፣ ለዚህ ወራሪ ግን ይማሩኝ አልኳቸው።»

«ምን አሉህ?»

«ዝም አሉ።»

«ከተስማሙማ ግባ!» አለ አባቴ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በአጥሩ ዙሪያ የሽቦ ወጥመድ ዘርግተን ሸርጣኑን ለቀምነው። ወራት ፈጀብን። አንድ ማለዳ አባቴ እየጮኸ ጠራን። ወጥመዱ ውስጥ አንድ ዓሣ! ሙሉ፣ ሕያው! አባቴ እንባውን በእጅጌው ጠረገ።

እኔ ግን ሆዷን ዳሰስኩ። በእንቁላል ተወጥሯል። ሙንዚር አየኝ።

ለቀቅኳት።

«ናጀት! ሠርጉስ?» አለ አባቴ።

«እርጉዝ አይያዝም፣ አባባ። ይቺ የእኛ ናት፤ ትውለድ!»

በአሥረኛው ቀን ሌላ ዓሣ ገባልን። እጅ ለእጅ ተያይዘን ሰባት ጊዜ ተሻገርነው፣ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ሙንዚር ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«አያቴ ቢያውቁሽ ኖሮ ይወዱሽ ነበር።»

«እኔንማ ማን ይጠላል!» አልኩት።