እምቢታው ከእናንተ ቤት ይውጣ

ፍቅርተማርያም ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ የመኪና መለዋወጫ አስመጪ ድርጅት የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ነበረች። እዚያው ካርቱም አል-ሳሃፋ ሰፈር ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛዋን ከእናቷ፣ ቁጣዋን ከሰፈሩ የተማረች፣ ሠላሳ ሊሞላት ጥቂት ወራት የቀሯት ሴት ናት። ጸጋዬ ደግሞ የጎንደር ዲግሪውን በላስቲክ ጠቅልሎ የመጣ፣ ከእርሷ ስር የተቀጠረ ልጅ ነው።

ልብ ለልብ የተያዩት በአንድ ደረሰኝ ሰበብ ነው። እርሷ አሳልፈው ብትለው ዕቃውን ሳላይ አልፈርምም ብሎ፣ አስፋልቱ እንደ ሙጫ በሚለጠፍበት ቀትር መጋዘን ድረስ በእግሩ ሄደ። ላብ አጥምቆት ተመለሰና «አለ» አላት። ዕቃው አለ ማለቱ ነው። ከዚያን ቀን በኋላ ፍቅርተማርያም ፊት ለፊቷ ያለውን የእርሱን ጠረጴዛ ላለማየት ብዙ ልፋት ጠየቃት።

በዚያው ዓመት አንድ የባሕረ ሰላጤ ኢንቨስትመንት ባንክ ናይል ዳር ቢሮ ከፈተና ሰው እፈልጋለሁ አለ። የእነዚህ ሰዎች ሥራ ሲተነተን ቀላል ነው፤ ሒሳብ ሠራተኛ ያለፈውን ዓመት አጥቦ ይገንዛል፣ እነርሱ ገና ያልተወለደውን ዓመት ይድራሉ። ኩባንያ ይገምታሉ፣ ይሸጣሉ፣ ያጋባሉ፣ ያፋታሉ፤ ከሁሉም ኮሚሽን ይወስዳሉ። የተመረጠው ሰው ለሥልጠና ሁለት ዓመት ዱባይ ይቀመጣል። ጸጋዬ ኢቃማው፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዱ፣ በሥራ አስኪያጁ በኡስታዝ ተውፊቅ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበት ሦስት ዓመት የኖረ ሰው ነውና ማስታወቂያውን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

ፍቅርተማርያም ለሦስት ወር በምሳ ሰዓት ለቃለ መጠይቁ አለማመደችው። እርሷ ባንክ ትሆናለች፣ እርሱ ሥራ ፈላጊ። በሌላ ጊዜ «አንተ» የምትለውን ሰው አንቱ ትለዋለች።

«አቶ ጸጋዬ፣ ሒሳብ ሥራን ለምን ይተዋሉ?»

«ያለፈውን መመዝገብ ሰለቸኝ። የሚመጣውን መገመት እፈልጋለሁ።»

«ውሸት ነው። ጆሮህ ቀላ።»

«ፈታኝ ጆሮ አያይም እኮ።»

«እኔ አያለሁ።»

ፉሉ ቀዘቀዘ።

ሌላ ቀን ከአምስት ዓመት በኋላ ራስዎን የት ያዩታል ብላ ጠየቀችው። ይህን ጥያቄ ለሰው ልጅ ጭንቀት የፈጠረው ማን እንደሆነ አይታወቅም። ጸጋዬ መልሱን በቃሉ ያውቀው ነበር፤ ነገር ግን ቀና ብሎ አያትና ጠፋበት። እርሷም ድጋሚ አልጠየቀችውም።

በዚህ ሁሉ ልምምድ ፈታኞቹ የሚፈልጉትን ከእርሱ ይልቅ እርሷ ጠንቅቃ አወቀች። የሚፈልጉት ድፍረት ነው። ግማሽ መረጃ ይዞ፣ ሳይንተባተብ፣ ይህ ድርጅት ይህን ያህል ያወጣል የሚል ሰው። ጸጋዬ ይህን በመከራ ተማረና የባንኩን ሁለት ፈተናዎች አለፈ። የቀረው የቅርብ አለቃው ምስክርነት ብቻ ነበር። የቅርብ አለቃው እርሷ ናት።

ስልኩ ማክሰኞ ጠዋት ተደወለ። ኢንቲሳር የምትባል የባንኩ ሴት በለሰለሰ ዐረብኛ ሰላምታ ካዘነበች በኋላ ስለ ሰውየው በአጭሩ ምን እንደምትል ጠየቀቻት። የፍቅርተማርያም ደረት በኩራት ሞላ።

«ቢገድሉት በዓይኑ ያላየውን ቁጥር አይፈርምም» አለች። «ግምት የሚባል ነገር አያውቅም።»

በሒሳብ ሠራተኛ ዘንድ ከዚህ የሚበልጥ ሙገሳ የለም። ጡረታ ሲወጡ በመዳብ ላይ የሚያስቀርጹት ነገር ነው። ከወዲያ በኩል የኮምፒውተር ቁልፎች ሲንኳኩ ተሰማ፤ ከዚያ «ሹክራን» ተባለና መስመሩ ተዘጋ። ያን ጊዜ ነው ያለችውን ራሷ የሰማችው።

ቁጥሩ ስልኳ ላይ ነበር። መልሶ መደወል የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ማለቴ ደፋር ነው፣ አዲስ ነገር ይችላል ማለት ብቻ። አውራ ጣቷን ቁጥሩ ላይ አሳረፈች። ዱባይ በዓይኗ መጣ። ዱባይ ለሁለት ዓመት ሄዶ በሁለት ዓመት የተመለሰ ሰው አታውቅም። ስልኩን በፊቱ ደፋችው፤ ምሳም ሲደርስ አብረው በሉ።

ሐሙስ የባንኩ ደብዳቤ መጣ፤ ከአዘኔታ በቀር ምንም የለበትም። ጸጋዬ አንብቦ ሰጣት። የሆነ ነገር ሳይጎድለኝ አልቀረም አላት፣ ሳይነግራት። ትከሻው ነው የተናገረው። «ኸላስ፣ ተወው» አለችው። በውስጧ ደስ አላት፤ ደስታዋ አስጠላት፤ ቢሆንም ደስታ ነበር።

ወር ሳይሞላ፣ ከቀረሁ አይቀር አንቺ ጋ ልቅር አላትና ሽማግሌ ላከ። እናቷ ወይዘሮ ጀምበሬ እዚያው ካርቱም አል-ጣኢፍ ሰፈር ውስጥ በሰው ቤት ወጥ ሲሠሩ ሠላሳ ዓመት የኖሩ ናቸው፤ ይህን እሑድ ሠላሳውን ዓመት ሙሉ ጠብቀውታል። ሽማግሌዎቹ፣ ጋሽ በለጠና ሁለት የቤተ ክርስቲያን ሰዎች፣ ገብተው ተቀመጡ እስኪባሉ ቆሙ፤ እናት ሆነ ብለው አዘገዩዋቸው። በመጀመሪያው ቀን እሺ ማለት ነውር ነውና ከዘመድ ልምከር፣ በሁለት ሳምንት ተመለሱ አሉ። ካርቱም ውስጥ ያላቸው ዘመድ ከመጋረጃው ኋላ ሻይ ይዛ የቆመችው ልጃቸው ብቻ ናት።

«ልጃችን ዱባይ ሊጠፋብን ነበር» አሉ ጋሽ በለጠ ሲሰናበቱ። «አምላክ አስቀረልን።»

ፍቅርተማርያም የእጇን ሥራ ለአምላክ ሲሰጡባት ሰማች። በማግስቱ ቢሮ ገብታ ሁሉንም ነገረችው።

ጸጋዬ አላቋረጣትም። ስትጨርስ «ያልሽው እውነት ነው፤ እኔ እንዲያ ነኝ» አለ። እፎይ ልትል ስትል እንደ ኦዲተር ተራ በተራ ያዛት።

«የደወሉት ማክሰኞ ነው?»

«ማክሰኞ።»

«የመለሱልኝ ሐሙስ። ረቡዕ ምን በላን?»

«ፉል። ጾም ስለነበር ያለ አይብ።»

«ሽንኩርቱን ለቀምሽልኝ።»

«አዎ።»

«ቁጥሩ ስልክሽ ላይ ነበር።»

«ነበር» አለች።

ወደ ጠረጴዛው ተመልሶ የጀመረውን ሥራ ጨረሰ። በሳምንቱ መልቀቂያ አስገባ። ኡስታዝ ተውፊቅ ሚስት ጠይቆ ሥራ የሚለቅ ሰው ዛሬ ገና አየሁ እያለ ሳቀበት፤ ቢሆንም ኢቃማውን ከመሳቢያው አወጣለት።

ሥራ የሚለቅ ሰው በእጁ ምንም እንዳልቀረ እያንዳንዱ ክፍል የሚፈርምለት ወረቀት አለ፤ በዐረብኛ «ኹሉ ጠረፍ» ይሉታል። ጸጋዬ ከመጋዘን ጀምሮ ዞሮ ዞሮ መጨረሻ እርሷ ፊት አስቀመጠው።

«ሽማግሌዎቹን አስቀራቸው» አለችው ወረቀቱን እያየች።

«አላስቀራቸውም። እኔ ካስቀረኋቸው ሰፈሩ ባንቺ ላይ እንከን ይፈልጋል። በቀጠሯቸው ይምጡ። እምቢታው ከእናንተ ቤት ይውጣ።»

«እኔ እምቢ አልልህም፣ ጸጋዬ።»

«ትያለሽ። እኔ እምቢ ማለት አልችልማ።»

እስክሪብቶው በእጇ እንዳለ ቀረ። እርሱ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሞክሬያለሁ። ጠዋት ጠዋት ይቅር እልሻለሁ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ይፈርስብኛል።»

ፈረመች። ወረቀቱን አጣጥፎ ሐሙስ ወደ መተማ በሚሄደው አውቶቡስ እንደሚሳፈር ነገራትና ወጣ።

በቀጠሮው እሑድ ሦስቱ ሽማግሌዎች በሰዓታቸው መጡ። እናቷ ወጥ ቤት ገብተው በሹክሹክታ «እሺ ልበላቸው?» አሉ፤ ፊታቸው ፈክቷል።

«እምቢ በያቸው፣ እማዬ።»

«ምን አደረገሽ?»

«ምንም።»

«ምንም ያላደረገ ሰው እምቢ ይባላል?»

«ይባላል።»

ወይዘሮ ጀምበሬ ልጃቸውን ረዘም አድርገው አዩዋት፤ ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። ለሠርጉ ያጠራቀሙትን የሚያምር አማርኛ ሁሉ ለእምቢታው አዋሉት። ልጃችን ገና ናት፣ እናንተም ከእኛ የተሻለ አታጡም አሉ። ሽማግሌዎቹ ተነሡ። ጋሽ በለጠ በር ላይ ጫማቸውን ሲያጠልቁ ቀና ብለው ልጅቷን አገኟት።

«ጥሩ ልጅ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ?»

ጎንበስ ብላ ሁለተኛውን ጫማ አቀበለቻቸው።

ከቀትር በኋላ ወሬው አል-ሳሃፋን አዳረሰ። የሀበሻዋ ልጅ ዲግሪ ያለውን መለሰችው፤ ኮራች፤ ማን ሊመጥናት ነው ተባለ። ከዚያ በፊት ቆማ ቀረች ብለው በአዘኔታ የሚያልፏት ሴቶች በሩ ላይ እየቆሙ በአዲስ አክብሮት ሰላም አሏት። ፍቅርተማርያም ቀጥ ብላ ቆማ ለእያንዳንዷ «አል-ሐምዱሊላህ» ብላ መለሰች። ጸጋዬ ካርቱም ውስጥ ትቶላት የሄደው ይህን ክብር ብቻ ነበር፤ ማንም እንዳይነጥቃት እንባዋን ዋጠች፤ የመጨረሻዋ ሴት ከመንገዱ እስክትጠፋ ድረስ ፈገግ እንዳለች ቆየች።