የተጋደመው ጠርሙስ

እሑድ ምሳ ሰዓት ላይ ውሽንፍሩ ከተራራው ሲወርድ፣ ሎሬታ የበግ ወጧን ገና ከእሳት አላወጣችም ነበር። በሩ ተንኳኳ። ስድስት ዓመት ሙሉ በሐሳቧ በር ስትከፍትለት የኖረችው ኔቪል ውኃ እያንጠባጠበ ቆሟል።

«ምነው፣ ዋኝተህ ነው እንዴ የመጣኸው?» አለችው። ልቧ ግን ለቀልድ አልደረሰም ነበር።

«ለአምስት ደቂቃ ብዬ ነበር። ገና እንደተሻገርኩ ድልድዩን ውኃ ዋጠው።»

«ወንዙ ካንተ ይሻላል፤ ሰው ማስቀረት ያውቃል!» አሉ አባቷ ጋሽ አድሪያን፣ ከወንበራቸው እያሳሉ። «ቁጭ በልና ብላ!»

ሁለቱ ያደጉት በዚሁ የወይን እርሻ ነው። ኔቪል ለወደብ ሥራ ወደ ኬፕታውን ሲሄድ፣ «አብረን እንሂድ» ብሏት ነበር። እሷ ከሄደች ግን ከቤተሰቡ ለእርሻው የሚሠራ አይኖርም፤ የእርሻው ባለቤት ለሠራተኛ የሰጠውን ቤት መልሶ ይረከባል፤ ሳንባቸውን የታመሙት አባቷም ሜዳ ላይ ይቀራሉ። «ጠብቀኝ» አለችው። «እሺ» አላት። ከለቀማ በተረፈው ወይን፣ በእግራቸው ረግጠው የጠመቁትን ሁለት ጠርሙስ ተካፈሉ። በቀለበታቸው ቀን ሊከፍቱት ተማማሉ።

ሎሬታ የራሷን ከአልጋዋ ሥር አወጣች። በዚያ አካባቢ ሕፃን እንኳ ያውቃል፤ ብዙ ጊዜ የሚቀመጥ ወይን ይጋደማል፣ ከቆመ ቡሹ ይደርቅና አየር ያስገባል። ምን ልታደርግ ነው ብላችሁ አትጠይቁኝ። ለቀለበቱ ካልሆነ ለምን ይመጣል? በእርሻው የወይን ጓዳ በርሜል ስትቆጥር ተሳስታ የማታውቅ ልጅ፣ ይህንንም እርግጠኛ ሆና ከፈተችው።

ዶፉ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ እነሱ ዳቦውን በወጡ የቲማቲም መረቅ እያጠቀሱ በሉ። ጋሽ አድሪያን ሳላቸውን ረሱ። ኔቪል ወይኑን ቀምሶ ዓይኑን ጨፈነ።

«እንዴት እንዲህ ጣፈጠ?»

«አስተኝቼው ነዋ! ያንተስ?»

ብርጭቆውን አየ። «ኮመጠጠ። ሰው እንዲያየው መደርደሪያ ላይ አቁሜው ነበር።»

«አንተ? ወይን ጓዳ ውስጥ ያደግኸው ልጅ?» ሳቀች። እሱ አልሳቀም። ሳቋ እመሃል ላይ ቀረ።

ከኮቱ ኪስ የራሰ ፖስታ አወጣ። የሠርግ ጥሪ ነው። የእሱ ስም ይነበባል፤ የሙሽራዋን ዝናቡ አጥቦታል።

«ከሌላ ሰው እንዳትሰሚው ብዬ ነው።»

«መቼ ነው?»

«ቅዳሜ።»

ጋሽ አድሪያን ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«ወጡ ሳይቀዘቅዝ ብላ» አለችው።

«ሎሬታ፣ ብትሰድቢኝ ይሻለኛል።»

«በዚህ ዝናብ እንግዳ አላባርርም። ብላ።»

ወንዙ እስኪጎድል ሁለት ሰዓት ፈጀ። በላ፣ ጠጣ፤ ሳህን እንኳ አጣጠባት። ከዚያ እርጥብ ኮቱን ለብሶ ወጣ።

«በእኔ ምክንያት ነው፣ ልጄ» አሉ አባቷ።

«አባዬ ደግሞ! ወጥ ልጨምርልህ?»

ጠርሙሱ ግማሽ ድረስ አለ። ቡሹን መልሳ ደፈነችው፤ እንደለመደችው ልታጋድመው ከአልጋው ሥር ጎንበስ አለች። ትንሽ እንደዚያው ቆየች። ከዚያ ተነሣችና መስኮቱ ላይ አቆመችው።